ያልተንኳኩ በሮች

“የትኛው በር ነው?” አለች አስተማሪዋ።

ምሁሩ አቀበቱን ሽቅብ አየ። ከፊቱ የተደረደሩት ቤቶች በሮቻቸው በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ሰማያዊ ናቸው። የመንደሩ ሰው ጀልባውን ቀብቶ በሚተርፈው ቀለም በሩን ይቀባበታል መሰል፣ ከባሕሩ ዳር አንስቶ እስከ አቀበቱ አናት ድረስ ያው ሰማያዊ በር ነው።

“ሰማያዊ በር አይደል ያልከው?” አለች ቅጹን ከክላሰሯ አውጥታ እያየች። “ይኸው፣ ‘ደጃፉ ላይ መረብ የተሰጣበት ሰማያዊ በር’ ብለሃል።”

“አዎ፣ መምህርት።” በዚህ አገር አስተማሪን በስሟ ነው የሚጠሯት፤ የምሁሩ አፍ ግን እስከ ዛሬ እምቢ እንዳለ ነው።

“መረቡስ?”

“አስገብተውት ይሆናል።”

መረብ የለም። ቅጹ ላይ የጻፋት ሴትዮም የለችም። በዚህ መንደር ቀርቶ በዚህች ዓለም ላይ የለችም። ዛሬ ጠዋት እሱ ራሱ ነው የፈጠራት፤ ዕድሜዋን ሰባ አንድ ያደረገው፣ ባሏን የገደለባት፣ መረብ ጠጋኝ አድርጎ የቀጠራት እሱ ነው። አሁን ፈልገህ አምጣት ተባለና አረፈው።

“ምሁሩ” ብለው የሰየሙት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። እነሱ ኳስ ሲያሳድዱ እሱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያነብ እያዩ በሹፈት ያወጡለት ስም ነበር። የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘ ዕለት ግን ሹፈቱ ማዕረግ ሆነና እናቱ ሳትቀር “ምሁሩ ደወለ” ማለት ጀመረች። የሚማረው የኅብረተሰብ ጤና ነው፤ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ዛሬ ከሦስት የክፍል ጓደኞቹና ከአስተማሪዋ ጋር በትንሽ አውቶቡስ ተጭነው የባሕር ዳርቻ መንደሮችን ሲያዩ ሊውሉ ወጡ። አራት መንደር፣ አራት ተማሪ። አስተማሪዋ በየመንደሩ አንዳንዳቸውን እያወረደች አምስት አምስት ቅጽ አስታቀፈቻቸው። “አምስት በር አንኳኩ፤ ከዚያ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ሰዉን አዳምጡት” ነበር ትእዛዟ።

እውነት ለመናገር ደስ ብሎት ነበር የወረደው። ባሕርን በዚህ ቅርበት ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ጫማውን አውልቆ እግሩን ነከረ፣ ፎቶ አነሳ፣ ጠባቦቹን መንገዶች ሽቅብ ቁልቁል አላቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን በር አንኳኳ። ካናቴራ የለበሰ ሰውዬ ብቅ አለና ምሁሩ የያዘውን ወረቀት አየት አድርጎ፣ “አንገዛም” ብሎ ዘጋው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰውዬው አልሰደበው፣ አልገፈተረው። ሌላ ሰው ቢሆን “ሻጭ አይደለሁም” ብሎ ደግሞ ያንኳኳ ነበር፤ ምሁሩ ግን በጥፊ የተመታ ያህል ፊቱ ጋለ። ሁለተኛው በር ላይ እጁን ሲያነሳ ከውስጥ የሰሐንና የሳቅ ድምፅ ሰማና እጁን መለሰ። እንዴት አድርጎ? ባዶ እጁን ሰው ቤት ዘው ብሎ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳያዳርስ፣ “ሽንት ቤታችሁ የት ነው? ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ታመማችሁ?” ሊል ነው? እናቱ ብትሰማ “ምን ዓይነት ባለጌ ነው ያሳደግኩት” ትላለች። ይሉኝታ እግር ከወርች አሰረው።

ወደ ታች ወረደና በተደፋ ጀልባ ጥላ ሥር ተቀምጦ ክላሰሩን ከፈተ። መጀመሪያ ቀኑንና የመንደሩን ስም ብቻ ልሙላ ብሎ ነበር። ከዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ የቤተሰብ ብዛት... በሁለት ሰዓት ውስጥ አምስት ቤተሰብ ወለደ። ሰዎቹን ከሩቅ አላመጣቸውም፤ ከገዛ ሰፈሩ ነው። ወሬኛው ጫማ ሰፊ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። ለዓመታት የተኳረፉት እህትማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር ታረቁ። ለባልቴቷ ደግሞ የእናቱን አፍ ሰጣት። እናቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ያጠበች ሴት ናት፤ በደወለ ቁጥር “እኔ ምንም አልጎደለኝም፣ አንተ ብቻ ተማር” ትለዋለች። ያንኑ ቃል በቃል ገለበጠው።

ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ደግሞ “ሕክምና ለማግኘት ይቸገራሉ?” ይላል። “አዎ” የሚል ሰው ስድስት ተከታይ ጥያቄዎች አሉበት፤ “አልቸገርም” ካለ በቀጥታ ወደ አሥራ ሁለት ይታለፋል። ምሁሩ፣ ምን ቸገረው፣ አምስቱንም “አልቸገርም” አሰኛቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ በመጨረሻው መንደር ወደብ ተሰብስበው ሳንድዊቻቸውን ሲገምጡ አስተማሪዋ ቅጾቹን ታገላብጥ ጀመር። የሌሎቹ ልጆች ቅጽ እሮሮ በእሮሮ ነው፤ ጽሑፉም የቸኮለ፣ የተሰረዘ የተደለዘ ነው። የምሁሩ ላይ ስትደርስ ማኘኳን አቆመች። ድምጿን ከፍ አድርጋ የባልቴቷን ቃል ከዳር እስከ ዳር አነበበችላቸው።

“ሰውን ማናገር ማለት ይኼ ነው!” አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። “ደግሞ አምስቱም ቤት አልተቸገርንም ብለዋል። ሐሙስ ሐሙስ የሚዞሩት የሕክምና መኪናዎች አልበቃ ስላሉ የጤና ጽሕፈት ቤቱ አንዱን መንደር መተው ግድ ሆኖበታል፤ የትኛውን እንደሆነ ጨንቆት ነበር። መልሱን አመጣህለት።”

ምሁሩ የጎረሰውን በውሃ አወራረደው። ያኔ መናገር ይችል ነበር። ገና ምንም አልተበላሸም ነበር እኮ! “መምህርት፣ አንድ ጊዜ ላነጋግርዎት” ቢል ያልቅ ነበር። ግን ባለፈው ዓመት የሐሰት ቅጽ ሞልቶ የተገኘ ተማሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ አገሩ እንደተመለሰ ያውቃል። እናቱ ትዝ አለችው፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ሰው ሁሉ “ልጄ ሊመረቅ አንድ ዓመት ቀረው” እያለች የምታደነቁረው እናቱ። ምን ብሎ ነው በሯ ላይ የሚቆመው? ስለዚህ ፈገግ አለ። አይ ምሁሩ! ፈገግ ብሎ “አመሰግናለሁ” አለ።

“እኚህን ሴት ሳላያቸው አልመለስም” አለች አስተማሪዋ። “መንገዳችን ነው። ፎቷቸውን የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ነው የማወጣው።”

አሁን እንግዲህ ይኸው ቆመዋል። ልጆቹ ታች አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቃሉ፤ አስተማሪዋ በር ትቆጥራለች።

“ምናልባት ወጣ ብለው ይሆናል” አለ ምሁሩ። “ልጃቸው ጋ እሄዳለሁ ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ።”

“ልጅ የላቸውም ብለህ ጽፈሃል እኮ።”

“ማለቴ... የእህታቸው ልጅ።”

“ምን አስጨነቀህ? ጎረቤት እንጠይቃለን” ብላ ቅርብ ያለውን በር ልታንኳኳ እጇን አነሳች።

ምሁሩ ዓይኑን ጨፈነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጣቷ እንጨቱን ሳይነካ ግን ከማዶ የሴት ድምፅ መጣ።

“መጣህ፣ ልጄ? ምን ረስተህ ነው?”

አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። አንደኛው እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ሌላ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ምሁሩ በሕይወቱ አይቷቸው አያውቅም። እሳቸው ግን ሱቅ ልከውት የተመለሰ ይመስል ቀና ብለው ያዩታል።

“እኚህ ናቸው?” አለች አስተማሪዋ በደስታ።

ምሁሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

“እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ” አሉ አሮጊቷ። “ጠዋት ስንጨዋወት አልነበር? ጨዋ ልጅ ነው።”

አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ ጨበጠቻቸው። “ስለ እርስዎ የጻፈውን አንብቤ ነው፤ ካላየኋቸው ብዬ አስቸገርኩት። መረብ ይጠግናሉ አይደል?”

አሮጊቷ ምሁሩን በጨረፍታ አዩት። “መረብ... ድሮ ነዋ። አሁንማ ዓይኔም እምቢ አለኝ።”

“ባለቤትዎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባሕር ላይ ነው የሞቱት?”

“ባለቤቴ?”

ቢላዋው ድንቹ ላይ ቆመ። በዚያችው ቅጽበት ከቤቱ ውስጥ ወፍራም የወንድ ሳል ተሰማ። አሮጊቷ ክርናቸውን ወደ ኋላ ሰደድ አድርገው በሩን ገፋ አደረጉት፤ ገጠመ።

“አዎ” አሉ ቀስ ብለው። “ባሕር ላይ።”

ምሁሩ የተዘጋውን በር አየ። የሰው ባል በቁሙ ገድሎ አረፈው! አስተማሪዋ ሳሉን ልብ አላለችውም፤ እስክሪብቶዋን አውጥታ ቅጹ ላይ አጎንብሳለች።

“አንድ ነገር ብቻ ላረጋግጥ። ሕክምና ለማግኘት አይቸገሩም፤ የሐሙሱ መኪና ቢቀርም ግድ የለዎትም ማለት ነው?”

አሮጊቷ የላጡትን ድንች ሳፋው ውስጥ ጣሉና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ምሁሩን አዩት። ከዚያ በፋሻ የታሰረውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ከበርጩማው አወረዱና ቀሚሳቸው ሥር ሰበሰቡት፤ ሲያወርዱት ከንፈራቸውን ነከሱ። ምሁሩ አየ። አይቶም አቀረቀረ።

“እሱ የጻፈው ልክ ነው” አሉ አሮጊቷ። “ምን ይጎድለኛል?”

አስተማሪዋ ከቁጥር አሥራ አንድ ጎን “ተረጋግጧል” ብላ ፈረመች። ፎቶ ላንሳዎት ስትላቸው ሽርጣቸውን ፈቱ፣ ጸጉራቸውን በመዳፋቸው አስተኙ፣ ለካሜራው ደህና አድርገው ሳቁላት። ታች ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አስተማሪዋ “ቶሎ ና!” ብላ ምሁሩን ጥላው ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ሊከተላት ሲል አሮጊቷ እጅጌውን ያዙት።

“ና እስቲ። ባሌን በምን ገደልከው?”

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... በማዕበል።”

“በማዕበል!” አሮጊቷ በሳቅ ፍርስ አሉ። “ደረጃ መውረድ የሚፈራውን ሰውዬ! ልንገረው፣ ደስ ይለዋል።”

“እንዴት አወቁ ግን?”

“ጠዋት ጀልባው ሥር ስትጽፍ በመስኮት ሳይህ ነበር። አንድ ሰው አላናገርክም። ለእናቱ ደብዳቤ ይጽፋል ብዬ ውሃ እንኳ ልሰጠው አልኩና እግሬ እምቢ አለኝ። አሁን ከሴትዮዋ ጋር ስትመጣ የምትባባሉትን ሰማሁ፣ ፊትህንም አየሁት። የሰው ልጅ በሰው ፊት ሲዋረድ ማየት አልወድም፤ ምን ላድርግ?”

“እግርዎን ምን ሆነው ነው?”

“የስኳር ቁስል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ያጥቡልኛል፣ መድኃኒቱንም ይሰጡኛል።” ሌላ ድንች አነሱ። “ከተማ ያለው ሆስፒታል ሁለት አውቶቡስ ነው። እኔ ደግሞ እዚያች ጥግ ድረስም አልሄድ።”

“ታዲያ ለምን እቸገራለሁ አላሏትም?”

አሮጊቷ ሞኝነቱ ገርሟቸው አዩት። “አንተን የት ልጣልህ? ውሸታም ነው ልበላት? በል ሂድ፣ መኪናው ይጠብቅሃል። እኔ እንደምንም እሆናለሁ። አንተ ብቻ ተማር።”

ምሁሩ አፈረ። በልጅነቱም፣ በአዋቂነቱም፣ እዚህ አገር ቋንቋው ጠፍቶበት ሲሳቅበትም እንዲህ አፍሮ አያውቅም። እናቱ በስልክ ስንት ጊዜ እንደዚህ ብላዋለች? እሱስ አንድ ቀን “እስቲ እውነቱን ንገሪኝ” ብሏት ያውቃል? አንሶላ ስታጥብ የጎበጠ ጀርባዋን እንዴት እንደሚያደርጋት እንኳ ጠይቆ አያውቅም። “አመሰግናለሁ” ማለትም ከበደውና ቁልቁለቱን እየተደናቀፈ ወረደ።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹ በጭብጨባ ተቀበሉት። “ባለ መረቧን አገኛችኋቸው?” “ፎቶውን አሳዩን!” አስተማሪዋ ስልኳን ከእጅ ወደ እጅ አዞረች። ምሁሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሎጋው አጠገብ ዘፍ አለ። ሎጋው በቁመቱ ምክንያት እንዲህ የተባለ ያገሩ ልጅ ነው፤ ጉልበቱ ከፊቱ ያለውን ወንበር ይወጋል።

“ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል” አለው በራሳቸው ቋንቋ።

“ውሸት ነው። አምስቱም ቅጽ ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።”

ሎጋው ግራ ቀኙን አየ። “ሽሽ! ደግመህ እንዳትናገር። ፎቶው ላይ ያሉትስ?”

“ሊያድኑኝ ብለው ዋሹ። እግራቸው ቆስሏል፤ የሐሙሱ መኪና ይቀርባቸዋል።”

“ታዲያ አንተ ምን አገባህ? በገዛ አፋቸው አልቸገርም አሉ አይደል? ፎቶ አለ፣ ፊርማ አለ። ዝም በል። ነገ ከነገ ወዲያ ዲግሪህን ይዘህ የፈለግከውን ሰው ትረዳለህ። ለእናትህ ምን ልትላት ነው?”

ምክሩ የጠላት ምክር አልነበረም። ክፋቱም ይኼ ነው፤ ምሁሩ ከቁልቁለቱ ጀምሮ ለራሱ ሲለው የመጣውን ነው ሎጋው በቃሉ የደገመለት። ነገ ስም የሌለው ደብዳቤ ለጽሕፈት ቤቱ ቢጽፍስ? ከፈተና በኋላ ቢናገርስ? ብልህ መፍትሔ ሞልቷል፤ እሱ ደግሞ ምሁር ነው። አውቶቡሱ ተነሳ። ምሁሩ ቤቶቹ ወደ ኋላ ሲቀሩ አየና እንደዚህ ሆኖ አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ መቀመጥ፣ እንደዚህ ሆኖ ለእናቱ መደወል እንደማይችል ገባው። ብድግ አለ። ሎጋው ጃኬቱን ሳበው፤ አላቆመውም።

“አንዴ ያቁሙልኝ” አለ ሹፌሩን። “መምህርት፣ አምስቱም ቅጽ ውሸት ነው።”

“ምን?”

“ማንንም አላናገርኩም። ጀልባ ሥር ተቀምጬ ፈጠርኳቸው። ሴትዮዋ አያውቁኝም፤ አዝነውልኝ ነው። ባላቸው አልሞቱም፣ ቤት ውስጥ ናቸው። እግራቸው በስኳር ቆስሏል፤ መኪናው ከቀረ የሚያክማቸው የለም።”

አስተማሪዋ ስልኳ ላይ የሚስቀውን ፊት አየች፣ ምሁሩን አየች።

“በሩን ለምን አላንኳኳህም?”

“አፍሬ።” ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈለገ፤ አልነበረውም።

“ቁጭ ብለህ ስትፈጥርስ አላፈርክም?”

ከኋላ አንዷ ልጅ ከንፈሯን መጠጠች፤ ያቺ መጠጣ ከስድብ ሁሉ ባሰችበት።

“ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጣለህ” አለች አስተማሪዋ። ድምጿ ውስጥ የምሳ ሰዓቷ ሴት የለችም። “ጉዳዩ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይሄዳል። ምን እንደሚወስን አላውቅም፤ ለአንተ ብዬም አልለምነውም። ሂድና ተቀመጥ።”

“ባዶ ቅጽ ቢሰጡኝ...”

“ምን ይሠራልሃል? የአንተ ቅጽ ከእንግዲህ አይቆጠርም።”

“የሴትዮዋ ይቆጠር። እርስዎም ነገ መጥተው ያረጋግጡት።”

“ዛሬ ሌላ አውቶቡስ የለም። እኛም አንጠብቅህም።”

“ገብቶኛል፣ መምህርት።”

አስተማሪዋ ከክላሰሩ አንድ ቅጽ፣ አንድ ብቻ፣ መዝዛ ሰጠችው። ፊቷ አልተፈታም። ሲወርድ ሎጋው በመስኮት ብቅ ብሎ “አንተ እብድ!” አለና ወዲያው ደግሞ “ስልክህን ክፍት አድርገው!” ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ ሄደ።

አሮጊቷ ከነበሩበት አልተነሱም። አንድ ቀጭን ሽማግሌ ከአጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል።

“ሞተሃል አሉኝ” አለው ሽማግሌው፤ ቁጣም አልነበረበት።

“መኪናው ጥሎህ ሄደ?” አሉ አሮጊቷ።

“ወረድኩ። ነግሬያታለሁ።”

“ምነው ልጄ! አይቀጡህም?”

“ይቀጡኛል።”

መሬት ላይ ተቀመጠና ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ሰው ቤት ባዶ እጁን መምጣቱ አሁንም አሳፈረው፤ ቢሆንም ከላይ ጀመረ። ዕድሜ ስድሳ ስምንት። በቤቱ የሚኖር ሰው ሁለት፤ “አንዱ ሬሳ ነው በል” አለ ሽማግሌው፣ አሮጊቷም በክርናቸው ጎሰሙት። ጥያቄው እየቀጠለ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ደረሰ።

“ሕክምና ለማግኘት ይቸገራሉ?”

አሮጊቷ ቢላዋቸውን አስቀመጡና ወደ እሱ ጎንበስ አሉ። “ስማኝ፣ ልጄ። አልቸገርም በልና ጻፈው። ለሴትዮዋም ከነገርኳት ጋር አንድ ይሆናል፤ ነገ ብትመጣም ያንኑ እላታለሁ። እሱ ልጅ ደንግጦ ነው፣ ጠዋት አናግሮኛል እላታለሁ። ከጣጣው ትወጣለህ።”

ልታደርገው ትችላለህ የሚል ነገር ደረቱ ውስጥ ተላወሰ፤ እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም ልቡ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

“እሱንስ አልጽፍም፣ እማማ” አለ። “መጀመሪያ እግርዎን ያሳዩኝ።”